ዋሱ ማነው?

ሰኔ 16፣ 2017 (በፈረንጅ 2025) ማታ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል እህቴ ከዶሃ በኢሞ ቮይስ ላከችልኝ። እኔ ደረጃ ላይ ነበርኩ፣ ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ይዤ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ ውሃ ደሞ በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ ጥሩ ነው። ጀሪካኑን አስቀምጬ ከፈትኩት። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዛ የሆነ ከሩቅ የሚመጣ ጉምጉምታ፣ ከዛ የማዳሟ ልጆች ለቅሶ፣ ከዛ የሷ ድምፅ፣ "ወንድምዬ ሰማዩ እየነደደ ነው፣ ለእማዬ እንዳትነግራት።" ይሄ ብቻ። ደወልኩ አይነሳም፣ ደገምኩ አይነሳም። እማዬ እላይ ቤት ቡና እያፈላች ነው፣ ሽታው ደረጃው ድረስ ይመጣል።

ኢራን ኳታር ውስጥ ያለውን የአሜሪካ ጦር ሰፈር፣ አል ኡዴይድን፣ በሚሳኤል የመታችበት ማታ ነው። ሰው አልሞተም፣ አስቀድማ አሳውቃ ነበር የተኮሰችው፣ ይሄን ግን ያወቅነው በኋላ ነው፣ ያኔ እኔ የማውቀው ስልክ የማይነሳ መሆኑን ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይታ ደወለች፣ ደህና ነኝ አለች፣ ልጆቹን አስተኝታ ነው። እኔ ልጆቹን ማን እንደሚያስተኛ እንኳን አላሰብኩም ነበር።

ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄ ነገር አልለቀኝም፣ ለዛ ነው የምጽፈው። የኒውክሌር መሳሪያ ሊሠራ ይችላል ተብሎ የሚፈራ፣ ጎረቤቶቹን በጠላትነት የሚያይ መንግሥት ሲኖር መምታት ነው ወይስ መደራደር? እኛን ምን አገባን የሚል ካለ፣ ስንቱ ቤት ከቤሩት እስከ ዶሃ እስከ ሪያድ ልጁን ልኮ እንደሚያድር ይቁጠር። ነዳጁም ቢሆን በጅቡቲ ይግባ እንጂ መነሻው እዛው ባህረ ሰላጤው ነው፣ የሆርሙዝ ወሽመጥ ይዘጋል ሲባል የሰፈራችን ሚኒባስ ሾፌሮች ከዜና አንባቢው እኩል ነበር የሚከታተሉት። ኢራንና ኢትዮጵያ ደሞ 2024 መግቢያ ላይ ብሪክስን፣ እነ ቻይና፣ ሩሲያና ህንድ ያሉበትን ማኅበር፣ አንድ ላይ የተቀላቀሉ አገሮች ናቸው። (ከዚህ በኋላ ዓመት ስጠቅስ ዓመቱም ወሩም በፈረንጅ ነው፣ ከወሩ ጋር ቀን ስጠቅስ ግን በኛ ነው።)

ሰፈራችን ውስጥ ይሄን ጉዳይ በጣም የሚከራከረው ጋሼ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ብሎካችን ውስጥ ሁሉም ጋሼ ነው የሚለው፣ በድሮው ጦር አምሳ አለቃ ነበር፣ ኦጋዴን ተዋግቷል፣ አሁን ላዳ አለው። የእስራኤልና የኢራን ጦርነት ሰኔ 6 ከጀመረ እስከ ሰኔ 17፣ አሥራ ሁለቱንም ቀን፣ ማታ ማታ ሱቁ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ነበር ዜና የምንሰማው። የጋሼ አቋም ግልፅ ነው፣ "ቢላዋ እየሳለ ካለ ሰው ጋር ቁጭ ብለህ አታወራም፣ መሳሉን ሳይጨርስ እጁን ትይዛለህ።"

ይሄን ዝም ብሎ አይደለም የሚለው። ኦጋዴን ውስጥ ያለችውን ወልወልን ያነሳል። 1934 ታህሳስ ላይ (በኛ ህዳር መጨረሻ ማለት ነው) ጣሊያን ወልወል ላይ ከኛ ሰዎች ጋር ተታኮሰች፣ እኛ ጉዳዩን ወደ ሽምግልና ወደ መንግሥታቱ ማኅበር ወሰድነው፣ ሙሶሎኒ ግን ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ በምፅዋ በኩል ወታደርና መሳሪያ እያራገፈ ነበር። ሽማግሌዎቹ 1935 መስከረም መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ወገን ጥፋተኛ አይደለም ብለው ፈረዱ፣ ልክ በወሩ ጦርነቱ ተጀመረ። ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ፈርማለች፣ አፅድቃለችም፣ ግን ጋዙ ከአውሮፕላን የወረደው እኛው ላይ ነው። ጋሼ ይሄን ሲናገር ድምፁ ይቀየራል፣ የአባቱ ወንድም እግር በዛ ጋዝ ተቃጥሎ ነው የኖረው። "ፊርማ አትበለኝ" ይለኛል። እኔ ምን ልመልስለት እችላለሁ? እውነቱን ነው። ድርድር ለአንዱ ወገን ጊዜ መግዣ ሊሆን ይችላል፣ የኛ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው፣ ይሄን ሳይቀበል "ሰላም ይሻላል" የሚል ሰው እኔንም ያናድደኛል።

እንደዛም ሆኖ ከጋሼ ጋር አልተስማማሁም። ያልተስማማሁበት ምክንያት ከሥራዬ ነው የመጣው።

እኔ ቃሊቲ አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ንብረት ክፍል ነው የምሠራው፣ ስቶር ኪፐር ነኝ። ሰኔ ለኛ የቆጠራ ወር ነው፣ በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ መጋዘን ውስጥ ያለ ነገር በሙሉ ከቢን ካርዱ (የዕቃ መቁጠሪያ ካርዱ) ጋር ይመሳከራል፣ ብሎን ሳይቀር። ቆጠራ የማያውቅ ሰው ቆጠራ ሌባ መያዣ ይመስለዋል። አይደለም። ቆጠራ ማለት ያለውን ማወቅ ነው፣ ካርዱ 440 ካለና መደርደሪያው ላይ 440 ካለ እኔን ብትጠላኝም ብትጠረጥረኝም ማታ ትተኛለህ። ሦስት ዓመት በፊት መጋዘናችን ጣሪያው በዝናብ ተደርምሶ ነበር፣ ከጉዳቱ ይልቅ አንድ ወር ያሰቃየን ምን ጠፋ ምን ተረፈ የሚለው ነው፣ የተሰበረውን ከተሰረቀው መለየት አልቻልንም፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ሰው መጠርጠር ጀመረ፣ ሁለት ሰው ሥራ ለቀቀ።

አሁን ኢራንን እዩልኝ። 2015 ሐምሌ ላይ ኢራን ከአሜሪካና ከሌሎች ኃያላን አገሮች ጋር ቪየና ላይ የደረሰችበት ስምምነት በመሠረቱ የቆጠራ ስምምነት ነበር። ኢራን ዩራኒየም ከ3.67 በመቶ በላይ አታበለፅግም (ማበልፀግ ማለት ለነዳጅም ለቦምብም የሚሆነውን የዩራኒየም ዓይነት ድርሻ ከፍ ማድረግ ነው)፣ ክምችቷ ከ300 ኪሎ አይበልጥም፣ ወደ 19 ሺህ ይጠጉ ከነበሩት ማበልፀጊያ ማሽኖች (ሴንትሪፊውጆች) አብዛኞቹ ተነቅለው መጋዘን ገብተው ይታሸጋሉ፣ ፎርዶ የሚባለው ተራራ ስር ያለው ቦታ ማበልፀግ ያቆማል፣ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኤጀንሲ ሰዎች ደሞ ካሜራ ሰቅለው ማሸጊያ ለጥፈው ይቆጥራሉ። በለውጡ ማዕቀብ ይነሳላታል። ለአንድ ቦምብ የሚሆን ዩራኒየም ለማዘጋጀት ሁለትና ሦስት ወር ይበቃት የነበረው ወደ አንድ ዓመት ተራዘመ ተባለ። ጉድለት ነበረው፣ ሚሳኤሉን አይነካም፣ አንዳንዱ ገደብ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ የሚያልቅ ነው፣ ኢራን በየአገሩ የምትረዳቸውን ታጣቂዎች አያነሳም። ግን ካርዱና መደርደሪያው ይመሳከር ነበር፣ ኤጀንሲው ገደቡን እየጠበቀች ነው ብሎ ደጋግሞ ሪፖርት አድርጓል።

ከዛ 2018 ግንቦት ላይ ትራምፕ ከስምምነቱ ወጣ። በቃ ወጣ። ማዕቀቡ ተመለሰ። ኢራን አንድ ዓመት ያህል ጠብቃ 2019 ላይ ገደቡን መጣስ ጀመረች፣ 2021 ሚያዝያ ላይ 60 በመቶ ማበልፀግ ገባች። 60 ማለት ለቦምብ ወደሚፈለገው 90 የሚወስደውን መንገድ አብዛኛውን ጨርሳዋለች ማለት ነው፣ ምክንያቱም ከባዱ ሥራ መጀመሪያ ላይ ነው ያለው። 2025 ሰኔ ላይ ጦርነቱ ሲጀመር የነበራት ባለ 60 በመቶ ዩራኒየም በኤጀንሲው ግምት ከ440 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። እንደ ኤጀንሲው መለኪያ ከዚህ 42 ኪሎው ተጨማሪ ቢበለፅግ ለአንድ ቦምብ ይሆናል፣ እንግዲህ ማካፈሉን ለናንተ።

እና ምን ተደረገ? አሜሪካና ኢራን በኦማን ሽምግልና አምስት ዙር ተነጋግረው ስድስተኛው እሁድ ሰኔ 8 ሙስካት ላይ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር፣ አርብ ሰኔ 6 እስራኤል መታች። ሁለት ቀን ሲቀረው! በሚቀጥለው እሁድ ለሊት አሜሪካ ገባችበት፣ እያንዳንዱ ከ13 ቶን በላይ የሚመዝን ቦምብ ፎርዶና ናታንዝ የሚባሉት የማበልፀጊያ ቦታዎች ላይ ጣለች፣ ኢስፋሃን ያለውን የኒውክሌር ቦታ በሚሳኤል መታች። የኢራን መንግሥት ከሺህ በላይ ሰው ሞቶብኛል አለ፣ እስራኤል ውስጥም ከሃያ አምስት በላይ ሰው በሚሳኤል ሞተ። ከዛ የኢራን ፓርላማ ከኤጀንሲው ጋር ያለውን ትብብር የሚያቆም ሕግ አወጣ፣ ሰኔ 27 ቆጣሪዎቹ ከኢራን ወጡ።

ሰኔ 27 እኔ መጋዘን ውስጥ ቆጠራ ላይ ነበርኩ። ዜናውን በምሳ ሰዓት ስልኬ ላይ አየሁት፣ እጄ ላይ ቢን ካርድ ይዤ። 440 ኪሎው የት ነው? ሲሊንደር ውስጥ የሚገባ፣ በመኪና የሚጫን ነገር ነው። ተራራው ስር ተቀብሮ ይሆናል፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ይሆናል። ሕንፃው ተመቷል፣ ቆጠራው ግን ጠፍቷል። ለኔ ይሄ ከሁሉ የሚያስፈራ ነገር ነው፣ ከሚሳኤሉ በላይ። ጋሼን ማታ ይሄን ነገርኩት፣ "ጋሼ፣ መጋዘኑን አቃጠሉት፣ ቆጣሪውን አባረሩት፣ ዕቃው ግን አልተገኘም" አልኩት። ዝም አለ። ጋሼ ዝም ሲል ተስማማ ማለት አይደለም፣ እያሰበ ነው።

በማግስቱ "ሶርያስ?" አለኝ። ሰውዬው ያነባል። እውነት ነው፣ 2007 ላይ እስራኤል በረሃ ውስጥ ሲሠራ የነበረውን የሶርያ ሪአክተር መታች፣ ሶርያ መልሳ አልሠራችውም፣ አለቀ። መምታት አይሠራም ብሎ በደፈናው የሚናገር ሰው ይሄን መዋጥ አለበት። ግን ከሱ በፊት 1981 ኢራቅም ኦሲራክ የሚባለው ሪአክተሯ ተመትቶ ነበር፣ ሳዳም ከዛ በኋላ ሥራውን አልተወም፣ በድብቅ አሰፋው፣ ከ1991ዱ ጦርነት በኋላ ተቆጣጣሪዎች ገብተው ሲያዩ የደበቀው ስፋት ራሳቸውን አስደነገጣቸው። ሶርያ ውስጥ የነበረው ገና ያላለቀ አንድ ሕንፃ ነው። ኢራን ውስጥ ያለው በብዙ ሺህ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለ እውቀት ነው፣ ያንን ምን ቦምብ ያገኘዋል?

ብሎካችን ላይ የሆነ ነገር ልንገራችሁና ልመለስ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንደኛ ፎቅ ያለ ጎረቤታችን ዋናው መስመር ላይ ፓምፕ ገጠመ፣ ውሃ በመጣ ቁጥር ሁሉንም እየሳበ ወደሱ ታንከር፣ እኛ ላይ ነፋስ ብቻ ነው የሚወጣው። ተናገርን፣ አልሰማም። አንድ ቅዳሜ አራት ሆነን ገብተን ፓምፑን ነቅለን ሰበርነው፣ እኔም አለሁበት፣ ያን ቀን ትክክል ነን ብዬ ነበር። ሁለት ሳምንት ውሃ አገኘን። ከዛ ትልቅ ፓምፕ ገዝቶ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከግድግዳው ኋላ ሠራው፣ በሩን ብረት አደረገው፣ የሚስበው ለሊት ነው፣ ከዛ በኋላ ቤቱ የገባ ሰው የለም። በመጨረሻ ጋሼና ሁለት እናቶች ሸመገሉ፣ እሱ ፓምፑን ሊያነሳና ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰው ገብቶ እንዲያይ ፈቀደ፣ እኛ ደሞ ብር አዋጥተን ጣሪያ ላይ የጋራ ሮቶ ልናስቀምጥ ተስማማን። እሱ ፓምፑን አነሳ። ኮሚቴው ተቀየረ፣ አዲሱ ኮሚቴ የድሮው ውል አይመለከተኝም አለ፣ ሮቶው አልተገዛም። ፓምፑ ተመልሷል። አሁን በሱ ልፍረድ? ለሦስት ወር ቃሉን የጠበቀው እሱ ነበር እኮ።

ፓምፕ ከተማ አያጠፋም፣ ይሄን አውቃለሁ፣ ጎረቤቴም ማንንም አጠፋለሁ ብሎ አልዛተም። እስራኤል ውስጥ ያለ አባት "ሊያጠፋኝ የሚምል መንግሥት ቦምብ እስኪይዝ ልጠብቅ?" ሲል የሱን ፍርሃት ከኔ የውሃ ችግር ጋር አላወዳድረውም። የማነሳው አንድ ነገር ስላስተማረኝ ነው፣ ውሉ የፈረሰው በመካከላችን እምነት ስላልነበረ አይደለም፣ እምነትማ ድሮም አልነበረም። ዋስ ስላልነበረው ነው።

ዋስ የሚለውን ቃል እኛ እናውቀዋለን። እኔ ስቶር ኪፐር ሆኜ ስቀጠር ዋስ አምጣ ተባልኩ፣ ጋሼ ነው የላዳውን ሊብሬ ይዞ ሄዶ የፈረመልኝ። ፋብሪካው አምኖኝ አይደለም ቁልፍ የሰጠኝ፣ አያውቀኝም እኮ፣ ብጠፋ የሚጠየቅ ሰው ስላለ ነው። አባቶቻችንም ሲካሰሱ፣ ሲበዳደሩ፣ ደም ሲያደርቁ ሳይቀር ዋስ ይጠሩ ነበር። ጠላቴ ስለሆነ አልዋዋልም የሚል የለም፣ ጠላቴ ስለሆነ ዋስ ይጥራ ነው የሚባለው።

አሁን መሳሪያ የተዉትን አገሮች እንይ፣ ማን ዋስ ሆናቸው? ጋዳፊ 2003 ታህሳስ ላይ ፕሮግራሜን ትቻለሁ አለ፣ ዕቃውን ጭነው ወሰዱለት፣ ስምንት ዓመት ሳይሞላ ኔቶ ከሰማይ እየደበደበው በራሱ ሕዝብ እጅ ተገደለ። ክፉ ገዢ ነበር፣ አላለቅስለትም፣ ግን ፒዮንግያንግና ቴህራን ያሉ ሰዎች ከዛ ምን እንደተማሩ መገመት ይከብዳል? ዩክሬን 1994 ቡዳፔስት ላይ ግዛቷ እንደሚከበር ሩሲያ፣ አሜሪካና እንግሊዝ ፈርመውላት ከሶቭየት የወረሰችውን ኒውክሌር አስረከበች፣ ፈራሚዋ ሩሲያ ራሷ 2014 ክሬሚያን ወሰደች፣ 2022 ሙሉ ጦር ይዛ ገባች። ሰሜን ኮሪያም በዛው 1994 ከአሜሪካ ጋር ተስማምታ የዮንግቢዮን ሪአክተሯን አቁማ ነበር፣ በለውጡ ሁለት የኤሌክትሪክ ሪአክተርና በየዓመቱ 500 ሺህ ቶን ነዳጅ ይሰጥሽ ተባለች። ነዳጁ እየዘገየ መጣ፣ ሪአክተሮቹ ተጓተቱ፣ እሷም በጎን ዩራኒየም ለማበልፀግ ስትሞክር ተገኘች፣ ሁለቱም አጭበረበሩ ማለት ይቻላል፣ 2002 ላይ ፈረሰ፣ 2006 ጥቅምት ላይ ቦምቧን ሞከረች። ዛሬ ግን እሷን የሚመታ የለም። እና ጋሼ "ድርድር አይሠራም" ሲለኝ እኔ የማየው ዋስ የሌለው ድርድር አለመሥራቱን ነው።

ደቡብ አፍሪካ ስድስት ቦምብ ሠርታ ስታበቃ ራሷ አፈረሰችው፣ የያኔው ፕሬዝዳንቷ ደ ክለርክ 1993 ላይ ነው ለዓለም የተናገረው። ማንም አልመታትም። የአንጎላው ጦርነት ቆሞ የኩባ ጦር እየወጣ ነበር፣ ቀዝቃዛው ጦርነት እያለቀ ነበር፣ የምትፈራው ነገር ቀነሰ፣ አፓርታይድም እየወደቀ ነበር (ነጮቹ ቦምቡን ለጥቁር መንግሥት ማስረከብ አልፈለጉም የሚሉም አሉ፣ እኔም ይመስለኛል)። ከዛ ቆጣሪዎቹ ገብተው መዝገቧን ከዕቃዋ ጋር አመሳከሩ። ፍርሃት ሲቀንስ ቢላዋ መሳል ይቆማል፣ ይሄ የዋህነት ከሆነ እዛች አገር ውስጥ የሆነ የዋህነት ነው።

አንድ ነገር ደሞ ብዙ ሰው የማያውቀው። 1961 ህዳር ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የኒውክሌር መሳሪያን መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈፀም ወንጀል ነው የሚል ውሳኔ አሳልፏል፣ 55 ድጋፍ፣ 20 ተቃውሞ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ። ሐሳቡን ይዞ የመጣው ማን ነው? እኛ፣ ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር። መከራከሪያውም የመርዝ ጋዝ ክልከላው ነበር፣ ያ በጋሼ አባት ወንድም እግር ላይ የተጣሰው ክልከላ። በፊርማ የተከዱ ሰዎች ናቸው እንደገና ፊርማ የጠየቁት፣ ከነሱ በላይ ፊርማ ባዶ ሊሆን እንደሚችል የሚያውቅ አልነበረም። ይሄን ለጋሼ ስነግረው ስልኬን ተቀብሎ ራሱ አነበበው፣ መነፅሩን አውጥቶ፣ ሁለት ጊዜ።

እኔ የምለው እንግዲህ ይሄ ነው፣ ተደራደሩ፣ ከጠላት ጋር፣ ከሚዋሽ መንግሥት ጋር፣ የራሱን ሕዝብ ከሚያስር መንግሥት ጋርም ቢሆን። ጡጫችሁን አታጥፉ፣ ጋሼ እዚህ ላይ ትክክል ነው፣ ምኒልክም ውጫሌን ሲያፈርሱ ጠመንጃ እየገዙ ነበር። ግን መጀመሪያ ቆጣሪዎቹን መልሱ፣ ከማዕቀቡም ከቦምቡም በፊት። ቀጥሎ ውሉን በምርጫ ከሚቀያየር አንድ ሰው ፊርማ አውጡት፣ የአሜሪካ ኮንግረስ ያፅድቀው፣ እነ ሳዑዲና ኤምሬትስ ይግቡበት፣ ኦማን አለች፣ ኳታር አለች፣ ቻይና ነዳጁን የምትገዛ ናት እሷም ትፈርም፣ ውል ያፈረሰ ማንም ይሁን ማን የሚከስርበት ነገር ይኑር። ኢራን ስታፈርስ ብቻ ሳይሆን ዋሽንግተን ስታፈርስም። ይሄ ከባድ ነው፣ ዓመታት ይፈጃል፣ ቪየና ራሱ ወደ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። አሥራ ሁለት ቀን ይፈጥናል፣ አዎ፣ ግን ከአሥራ ሁለቱ ቀን በኋላ 440 ኪሎው የት እንዳለ እርግጠኛ ሆኖ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ጋሼ ያን ማታ ስልኬን ሲመልስልኝ "እሺ፣ ለኢራን ዋስ የሚሆን ማነው?" አለኝ። "ለአሜሪካስ ማነው ጋሼ?" አልኩት። "እሱን ነው የምልህ" አለ፣ ተነስቶ ላዳውን ሊያስገባ ሄደ።

ትናንት እህቴ ደወለች፣ ውሏ መስከረም ላይ ያልቃል፣ ማዳሟ ሁለት ዓመት ጨምሪ ብላታለች። እማዬ ሰኔ 16 የሆነውን እስካሁን አታውቅም፣ ስልኩን ተቀብላኝ "ትጨምር፣ እዛ ሰላም ነው አይደል?" አለችኝ። እህቴ በስልኩ ውስጥ ሰምታታለች። ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን፣ ከዛ እሷ ቀድማ "ሰላም ነው እማዬ" አለች።